ሞራ መግፈፍ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11፣ ጠዋት 3፡30

የመኪናችን የግራ መብራት ተጋመሰ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። የሱሉልታ ውርጭ አንሶ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨመረበት። ብርጭቆ ወረቀቱን እየነከርኩ ወደ ጎን እፈገፍጋለሁ፤ ብጫ የለበሰው ፕላስቲክ ወተት የመሰለ ውሃ ያወርዳል። ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ት/ቤት ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቱ። አስተማሪ ነበርኩ ብል አሁን ማን ያምነኛል?

ያዘዙኝ አባባ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ፣ ሆ/ል፣ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። የመኪናዋም ዓይን እንደኔ ሞራ ለብሷል፣ ጉተማ ሲፈታ እንዲህ ሆና አያግኛት፣ የሷንም ግፈፊላት አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጉተማ አልታሰረም፣ ደብተሬ። ወንድሜን ማክሰኞ ዕለት ቀበርነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ከሰዓት

ከቀበርነው ዛሬ ሳምንቱ። ለማንም የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው።

ያን ሰኞ ጠዋት አባባን ሆ/ል ያደረሳቸው እሱ ነው። አጠገብዎ ልደር ቢላቸው እምቢ አሉ። ላሞቹ ሳይታለቡ እንዳያድሩ ቶሎ ተመለስ አሉት፣ አብራቸው ያደረችው አክስቴ ሰምታለች። ተመለሰ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ወጣቱ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን እያወገዘ ወጥቷል፣ ተኩስ ተከፈተ። አንድ ጥይት በሾፌሩ በር ገባች። ማን እንደተኮሰ የነገረን የለም። የሚጠየቅም የለም።

መኪናዋን እየገፉ ያመጧት ኦቦ ደበላ ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር። ሐኪሙ አባባን እስከ ቀጠሮው፣ እስከ 25፣ አያልቅሱ፣ አያጎንብሱ ብሏል፤ ዓይኑ ይበላሻል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መርዶው ይቆይ አሉ። ለአባባ ታስሯል ተባለ። በዚህ ሰሞን እስረኛ የሌለበት ቤት ስለሌለ አመኑ።

ድንኳን የለም፣ ለቀስተኛ የለም። ኦቦ ደበላ ቤት ሄጄ ጥቁር ለብሼ አለቅሳለሁ፤ ስመለስ የግቢያችን በር ላይ አወልቀዋለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14፣ 10 ሰዓት

የአባባ ዓይን በየቀኑ እየጠራ ነው። ትናንት ዶሮዋን ከድመቷ ለዩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። የመኪናዋን በር ቀዳዳ ሳያዩት መድፈን አለብኝ።

ሐጂ ከማል የቀለም ሱቃቸውን ግማሽ ከፍተው ስቱኮና ነጭ እስፕሬይ ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። የትኛው ወረቀት እንደሚቀድም በቀስታ አስረዱኝና አላህ ያጽናችሁ አሉ።

ቀዳዳው ትንሿን ጣቴን አያስገባም። በዚህ ነው እንግዲህ ያን የሚያህል ሰው የወጣው። መቀመጫውን በቀዝቃዛ ውሃ ሦስቴ አጥቤዋለሁ፤ አሁንም ይሸተኛል። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ዳለቻ ላማችን በቀንዷ ያጎደጎደችው አለ። ጉተማ አላሠራም ብሎ የተወው፤ ታርጋዬ ነው ይል ነበር። ስቱኮው ተረፈኝ፣ እሱንም ሞላሁት። ደረቀ፣ ፈገፈግኩ፣ ቀባሁ። ፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እጅሽ ይባረክ አልኩ ለራሴ፤ ወዲያው አፈርኩ።

አባባ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀት ስቀይር በድምፁ ይለያሉ። አሁን ለስላሳው ነው አይደል ይላሉ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15

ሁለቱንም መብራት በፖሊሽ ጨረስኩ። ጠሩ። ብርጭቆ ሆኑ። በቀን አበራኋቸው፤ አባባ ከበርጩማቸው ሁለት ናቸው! ብለው ጮኹ። ሳቁ። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ ነጠላዬን ነከስኩ።

ስንቁን አልጻፍኩልህም። በየቀኑ ለጉተማ ምሳ ቋጥሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ብዬ እወጣለሁ። ኦቦ ደበላ ቤት ድረስ ነው የምሄደው፤ ልጆቻቸው ይበሉታል። ሳህኑ ባዶ ሲመለስ አባባ በጣታቸው ዳብሰው ያዩታል። በላ ማለት ነው። ደስ ብሏቸው ይውላሉ። ዛሬ እንጀራ ጨምሪለት አሉ። ጨመርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ተማሪዎቼን ስንቴ አስጽፌአቸዋለሁ። እኔው ነኝ አሁን ንጋቱን የማዘገየው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16፣ 11 ሰዓት

ዓይናቸውን ስፈራ ኖሬ እጃቸውን ረሳሁት።

ሥራሽን ልይልሽ ብለው ተነሡ። መብራቶቹን ዳሰሱ፣ መረቁኝ። ኮፈኑን ዳሰሱ። እጃቸው በጎን በኩል አልፎ የሾፌሩ በር ላይ ደረሰ። አለፈ፣ ተመለሰ። እንደገና አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የዳለቻ ቀንድ የት ሄደ?”

ፖሊሽ ሳደርገው ነው አልኩ። ጅል። ጎድጓዳ በፖሊሽ አይጠፋም፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ጉተማ አታስነኩብኝ ያለውን ሌላ የምትደብቂው ሳይኖርሽ አትነኪም አሉኝ። መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጥይቱ የገባበት፣ አዲሱ ቀለም ገና የሚሸትበት ቦታ ላይ አሳረፉት። መቼ ነው አሉ። እርስዎን አድርሶ ሲመለስ አልኩ።

እጃቸውን አላነሡም።

“ላሞቹስ? ያን ማታ ታለቡ?”

አልታለቡም አልኳቸው። ውሸት በቃኝ።

አላለቀሱም። ስለ ሐኪሙ ላስታውሳቸው ስል አቋረጡኝ። ለጉተማ ያላለቀሰ ዓይን ምን ሊያይልኝ ነው አሉ። ከዚያ እንደ ድሮው አዘዙኝ፦ ኦቦ ደበላን ጥሪ፤ ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው በወጉ ያርዱኝ። እንዳልሰማ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ፤ ልጄ በምስጢር አይቀርም። አንቺም ከአሁን ጀምሮ ጥቁርሽን ልበሺ።

ለበስኩ። በግቢያችን ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17፣ ንጋት 11፡50

ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጋቢያቸውን ለብሰው በርጩማቸው ላይ ናቸው፣ ከመኪናዋ አጠገብ። ላሞቹን አልቤ ጨርሻለሁ፤ ቅድሚያ እነሱን አሉኝ። ጭጋጉ ከባድ ነው። የመኪናዋ ፊት ወደ ግቢው በር ነው። መብራቱን አብሪ፣ የሚያረዱኝን ሰዎች ፊት ልይ አሉ።

አበራሁ። ሞራው የለም። ጭጋጉን ሰንጥቆ ከበሩ ማዶ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ይሄዳል። ጉተማ በዚህ መብራት ነድቶ አያውቅም።

የእግር ኮቴ። ብዙ ሰው ነው። የኦቦ ደበላን ሳል ለየሁት። አባባ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። በሩ ተንኳኳ። ልክፈትላቸው።