የአቶ ቶሎሳ ሳሎን ፀሐይ

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡40

የካ አባዶ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ። ሸሪኬ ቢንያም ዛሬም ቀድሞኝ ሲግናል ሰፈር ያለው ቢሯችን ገብቷል። ለምን ይቀድመኛል? (ከዛሬ ጀምሮ ቢ. ነው፤ ስሙን ሙሉ መጻፍ አስጠልቶኛል።)

ነገሩ ይሄው ነው። ደንበኛችን አቶ ቶሎሳ እንጦጦ ሥር ሊሠሩት ያሰቡትን ቤት ሳይሠራ በስክሪን ገብተው ማየት ይፈልጋሉ። ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ፀሐይ ካልገባው ፕላኑ ይቀየራል። ቢ. ዝግጁ ኢንጅን የሚባለውን ሶፍትዌር እንጠቀም ባይ ነው፤ ብርሃኑም ጥላውም ተሠርቶ የመጣ። ሁለት ወር ሠርቶበታልም። እኔ የግራፊክስ ላይብረሪ፣ ማለትም ጥሬ የኮድ ስብስብ ብቻ ይዤ ሁሉንም ራሴ ልጻፈው እላለሁ። ራሴ ያልጻፍኩትን አላምንም። ሰሞኑን ቢ.ንም ጭምር።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ። ከምሳ በኋላ

ቢ. ደረጃ ላይ ወጥቶ ስልክ ያወራል። ስደርስ ዝም። ሥራውን ብቻውን ሊይዝ ይሆን? በዝግጁው ኢንጅን ከሠራ እኔ ምን አደርግለታለሁ? ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ። እሱ ወደ ሾላ ገበያ ሲወርድ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

በኢንጅኑ በሠራው ሳሎን፣ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ላይ 9 ብሎታል። የከሰዓት ፀሐይ እያሳየ ሽማግሌውን ሊያታልል! ወደ 3 ቀየርኩት። ሳሎኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ፎቶ አንስቼ ለአቶ ቶሎሳ ላክሁ። ቢ. እንዳያውቅ ሰዓቱን ወደ 9 መለስኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አቶ ቶሎሳ መጡ። ፎቶውን ለቢ. አሳዩት።

«ልጄ፣ መታመሟ ሳያንስ ጨለማ ውስጥ ላስቀምጣት ነው?»

ቢ. ፎቶውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። ማን እንደላከው ገባው። «እናስተካክለዋለን» አላቸው። ሽማግሌው እንደነገሩን፣ ደረጃ ላይ ሲያወራ የነበረውም ለካ ከባለቤታቸው ጋር ነው፤ የት መቀመጥ እንደሚወዱ ሲጠይቃቸው። ሽማግሌው ሲወጡ ቢ.፦

«አንቺ ካላመንሽበት ይቅር። በአንቺው ላይብረሪ እንሥራ።»

የሁለት ወር ሥራውን እንደሚያጠፋው ነገረኝ። እንዲህ ቶሎ እጅ መስጠቱም አላማረኝም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ጠዋት 1፡15

ታክሲ ውስጥ። አፈርኩ፣ ደብተሬ።

ትናንት አመሻሽ የፀሐይዋን ኮድ በላይብረሪዬ ስጀምር ነው የገባኝ። ኮምፒዩተር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለሱ 9 ነው። ቢ. በትክክል ሞልቶት ነበር። እኔ 3 ብዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ፈለግሁ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት የቆየሁ ሰው! ጥርጣሬ ዓይኔን ጋርዶት ነው እንጂ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። የኔው ላይብረሪ እንደተመረጠ ይቀራል።

አልችልም። ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ላፕቶፑን መክፈቴንም፣ ስጠረጥረው መክረሜንም። ለአቶ ቶሎሳም ዛሬውኑ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ኢንጅኑ ይሁን፣ ፋይሉን እንዳታጠፋው አልኩት።

«ትናንት አጠፋሁት እኮ» አለኝ።

ከዜሮ እንጀምር፣ በአንተው ኢንጅን፣ እኔ ልሥራው አልኩት። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። «ሰዓቱን ግን እኔ ነኝ የምሞላው» አለኝ።