ኮላው ሳይደርቅ

ከማልዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር አለፈ። አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሂክማ ሥራዋ ስለራቃት ከከተማው ሰሜን ኖርዝ ዮርክ አፓርትመንት ተከራይታ ገብታለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሁለታችንም ለምደነዋል። የጎረቤታችን ትልቁ ዛፍ ታመመ ተብሎ ተቆረጠና ኩሽናችን ብርሃን ገባው። አንተ «በሚመጣው ሰመር እሠራዋለሁ» ስትል ሦስት ሰመር ያሳለፍክበት የበረንዳ ደረጃም ተሠርቷል። የሠራው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለበት ቤት ደረጃው ለምን ተሰብሮ እንደኖረ ቢጠይቀኝ ሻይ ልቅዳልህ አልኩት።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጓደኞችህ ነው። በሕይወት ሳለህ ስለነሱ የማስበውን በሆዴ ይዤ ኖርኩ፤ እንግዶችህ ነበሩና። አሁን እንግድነታቸው አብቅቷል።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ልንገረው። አንተ ቀን ቀን አውቶቡስ ትነዳ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ኢስት ዮርክ ካለው ቤታችን ቤዝመንት ትወርድና በገዛ እጅህ ስፒከርና አምፕሊፋየር ትሠራለህ። ኮምፔንሳቶ ጣውላ ትቆርጣለህ፣ በኮላ አጣብቀህ ሳጥን ታደርገዋለህ፣ ሽቦውን በቀለጠ ስታኞ ታያይዛለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ስድስት ወንዶች መጥተው ሶፋው ላይ ይደረደሩና የሠራኸውን ያዳምጣሉ። ያዳምጣሉ ማለቴ ያወራሉ። ስለ ባስ ያወራሉ፣ ስለ ሽቦ ውፍረት ያወራሉ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ስለ ሙዚቃው ያወራሉ። ከመካከላቸው መጋዝ አንስቶ የሚያውቅ ተክሉ ብቻ ነበር። እሱ በሰማንያዎቹ በስደት ከመጣ ጀምሮ የሰው ሕንፃ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ መሥራት ስለሚችል ብዙም አያወራም።

የወሬው አለቃ ኢንጂነር ፍሬው ነበር። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው አንተም ነግረኸኝ አታውቅም። አምፕሊፋየሩ አልሠራ ብሎት ተሸክሞ የመጣ ቀን፣ የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥተህ ሌላ ስትከትለት አጠገብህ ቆሜ ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብህም። በሳምንቱ ሰርግ ቤት ያንኑ አምፕሊፋየር እንዴት ብትንትኑን አውጥቶ እንደገጠመው ለአንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሲያስረዳ ሰማነው። እኔ በክርኔ ጎሸምኩህ። አንተ ፈገግ ብለህ ሩዝህን መብላት ቀጠልክ። ያ ፈገግታህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ባለፈው መስከረም ይኸው ኢንጂነር ኮል አደረገልኝ። ላንተ መታሰቢያ ዎርክሾፕ ሊያዘጋጁ ነው። ፍላጎት ያለው ሰው መጥቶ፣ በገዛ እጁ ቆርጦና አያይዞ፣ የራሱን ስፒከር ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድበት። ቤዝመንቱም ዕቃውም ያንተ ስለሆነ እኔ ኮሚቴ ውስጥ እንድገባ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሚቲንጉ ብሉር ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የተከራከሩት በስሙ ነው። አንዱ አካዳሚ ይባል አለ፣ አንዱ ሲምፖዚየም። ዎርክሾፕ የሚለው ቃል ጋራዥ ያስመስለናል ያለም ነበር። በሁለተኛው ሚቲንግ ፍላየሩ ቀረበ። ያንተ ፎቶ ቴምብር በምታህል ቦታ ከታች ጥግ ተለጥፏል፤ የኮሚቴው አባላት ግን ከረባት አድርገው ከላይ ተደርድረዋል። እኔንም ጨምረውኝ ነበር፤ ከሂክማ ምርቃት ላይ የተቆረጠ ፎቶ፣ ትከሻዬ ላይ የሰው እጅ ያለበት። እጁ ያንተ ነው።

ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቅኩ፤ ሠላሳ አሉኝ። ስታኞ ማቅለጫ ካውያ ስንት እንዳለን ጠየቅኩ፤ ማንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱም ሽቦው የተላጠ ነው። ጭሱ የሚወጣበት መስኮት የትኛው እንደሆነ፣ መጋዙን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ የሰው ጣት ቢቆረጥ ማን እንደሚያክም ያነሳ አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ ግን ወርቃማ ጠርዝ እንዲኖረው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

በሦስተኛው ሚቲንግ ኢንጂነሩ ፕሮግራሙን በሚያብለጨልጭ ወረቀት አሳትሞ አደለን። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ጠዋት የእሱ ንግግር፣ ከዚያ እንጨት መቁረጥና ማጣበቅ፣ ከምሳ በኋላ ሽቦ ማያያዝ፣ ከዚያ ማዳመጥና የምስክር ወረቀት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ኮላው መቼ ይደርቃል?» አልኩ።

እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያጉረመረምኩ ጣውላ የያዝኩልህ ሴት ነኝ። የተጣበቀ ሳጥን በሞርሳ ታስሮ ማደር እንዳለበት፣ ቸኩሎ የፈታው ሰው ሳጥኑ ኋላ እንደሚንቀጠቀጥበት ሳልማር የተማርኩት ነገር ነው። አንዱ ቶሎ የሚደርቅ ኮላ አይጠፋም አለ። ሌላው ቪዲዮ ላይ በአስር ደቂቃ ሲያልቅ አይቻለሁ አለ። ኢንጂነሩ ዝርዝሩን ለቴክኒክ ክፍሉ እንተወው አለ። ቴክኒክ ክፍሉ ማን እንደሆነ ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። ከወዲያ ጥግ ተክሉ እጁን በግማሽ አነሳ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ያላለፍኩት የሳጥኑን ነገር ነው።

ከመታመምህ በፊት ለሳሎናችን ሁለት ስፒከር ጀምረህ ነበር። አንዱን ጨርሰኸዋል። የሁለተኛው ሳጥኑ ተጣብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ ድምፅ የሚያወጣው አካል የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶት ነበር። ክቡን በእርሳስ ስለኸው ሳትቆርጠው ሆስፒታል ገባህ። እኔም ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እርሳሱን ግን እንዳላጠፋው እሸሻለሁ።

አንድ ዓርብ ጁምዓ ሄጄ ስመለስ ሳጥኑ የለም። ሂክማ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። ኢንጂነሩ መጥቶ ለዎርክሾፑ ማሳያ እንዲሆን ልለካው ነው ስላላት ሰጥታዋለች። በምን ታውቃለች። ኮል አደረግኩለት፤ አያነሳም። በሦስተኛው ቀን ተሸክሞት መጣ፣ ከኋላው መጋዙን ያዋሰው ተክሉ አንገቱን ደፍቶ። ቀዳዳው ተቆርጧል። ያንተ የእርሳስ መስመር ግን የትም የለም፤ ከእንጨቱ ጋር ተቆርጦ ወድቋል። የድምፁን አካል ከመደርደሪያ አንስቼ ብሞክረው በቀዳዳው አልፎ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀ።

ኢንጂነሩ ቀዳዳው ሰፋ ሲል ድምፁ ይተነፍሳል አለኝ።

ታውቀኛለህ፤ የናቅኩትን ሰው አንቱ እላለሁ። «ኢንጂነር» አልኩት፣ «በእጅዎ እንጨት ሲቆርጡ ይኸ የመጀመሪያዎ ነው?»

ሌላ ታሪክ የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። ጫማው ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ምንጣፌን አረጠበው።

«አዎ፣ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ኢንጂነሪንግ ጀምሮ በሁለተኛው ዓመት ከአገር እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲህ መፍቻ እንኳ ይዞ እንደማያውቅ፣ ሰው ኢንጂነር ሲለው ማስተካከል እያፈረ እንደቀረ ተናገረ። ያንን ሁሉ አንተ ታውቅ እንደነበርም ነገረኝ።

ያዘንኩለት እንዳይመስልህ። ይህን ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢተነፍሰው ሳጥንህ ይተርፍ ነበር። ዎርክሾፑን እኔ እንደማካሂደው፣ ኮሚቴ የሚባል ነገር እንዳበቃ፣ እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የሰፋውን ቀዳዳ የሚያጠብ የእንጨት ቀለበት በእጁ እንደሚሠራ ነገርኩት። ንግግር የለም አልኩት። እሺ አለ። እሺ ማለቱም አበሸቀኝ፤ ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሎቹ ግን ተከራከሩ። አንዱ ሴት የምትመራው የስፒከር ሥራ ሰው አይጠራም አለ ተብሎ ሰማሁ። እውነት ነው፤ ሠላሳ ሰው አልመጣም። አምስት መጣ። እኔም ያቀድኩት ለአምስት ነው። ዕቅዴን ከኩሽና ግድግዳ በተነሳ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ መቁረጥና ማጣበቅ ብቻ። ሁለተኛው መፈተግ፣ ሦስተኛው ሽቦ፣ አራተኛው ማዳመጥ። መጋዙን ከተክሉ በቀር ማንም አይነካም። የተላጠውን ካውያ ጣልኩት፣ መስኮቱን በረዶ እየገባም ቢሆን ከፈትኩት።

ከአምስቱ ሁለቱ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው እህትማማቾች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ያሳየኋቸውን ሁለተኛ አልጠየቁኝም። አንዱ ያንተ የሥራ ባልደረባ የነበረ ሹፌር ነው፣ ቀስ የሚል፣ የማያበላሽ። ሌሎቹ ሁለቱ ከቅዳሜ ጓደኞችህ ናቸው። አንደኛው የአትክልት ጎማ የሚያህል ሽቦ ይዞ መጥቶ ድምፁን ያሞቀዋል አለኝ። የቤቱን ማሞቂያ አሳየሁት። ሁለተኛው መፈተጉን ዘለል አድርጎ ወደ ሽቦው መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም አልኩት። ሚስቴ ጠርታኝ ነው ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሚስቱን አውቃታለሁ፤ ያን ዕለት ከተማም አልነበረችም።

ኢንጂነሩ ግን አራቱንም ቅዳሜ መጣ። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። የመጀመሪያውን ሰበረው። ተክሉ ሌላ ቆረጠለት፤ እሱን አንድ ጎኑን አሳስቶ ጣለው። በሦስተኛው ቀለበት ጣቶቹ ውሃ ቋጠሩ። ፕላስተር ሰጠሁት፣ አላባበልኩትም። ከአፉ ስለ ድምፅ አንድ ቃል አልወጣም፤ ቤዝመንቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ማብቂያ ቀለበቱ ገባ። በክፍተቱ ስቱኮ ሞላንበት፣ ቀባነው፣ ሳምንቱን እንዲደርቅ ተውነው፤ በአራተኛው ቅዳሜ ሽቦውን እኔ ራሴ በስታኞ አያያዝኩ። ሁለቱን ስፒከሮችህን ጎን ለጎን አቁመን አንተ የምትወደውን መንዙማ ከፈትን፣ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው። ሁሉም አጨበጨቡ፤ ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው አሉ። ባለ ወፍራሙ ሽቦ ዓይኑን ጨፍኖ ልዩነት የለም እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ኢንጂነሩ አላጨበጨበም። «አንድ አይደሉም» አለ። «እኔ የነካሁት ድምፁ ወደ ታች፣ ወደ ባሱ ሲወርድ ይሳሳል። የከማል አይሳሳም።»

እኔም ሰምቼው ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ የሰማነው ሁለታችን ብቻ ነን። ያን ጊዜ ነው የሰርግ ቤቱ ፈገግታህ የገባኝ። አፉን ችለህ የኖርከው ለጆሮው ብለህ ነበር። ይህን ለእኔ መንገር ምን ያቅትህ ነበር፣ ከማል? ወይስ ነግረኸኝ አልሰማሁም?

ከረመዳን በኋላ ኢንሻአላህ ሌላ ዎርክሾፕ ይጀመራል። ስድስት ሰው እቀበላለሁ፣ ከዚያ በላይ አይገባም። ፍሬው፣ አሁን ፍሬው ብቻ ነው የምንለው፣ በመጨረሻው ቅዳሜ መጥቶ ያዳምጥና የሰማውን ይናገራል። የተቀሩት ብሉር ላይ ተሰብስበው አሁንም ስለ አካዳሚው ይወያያሉ አሉ። ይወያዩ።

አሁን ልሰናበትህ። የመጀመሪያውን ስፒከር የጨረስክ ቀን ከታች ሆነህ ጠራኸኝ፤ «ሰዓድዬ፣ ነይ ስሚው» አልከኝ። እኔ ድስት ጥጃለሁ አልኩ። ደግመህ አልጠራኸኝም። ብቻህን ቁጭ ብለህ አዳመጥከው። ድስቱ ውስጥ ምን እንደነበረ እንኳ ዛሬ አላስታውስም፤ ያንተን ጥሪ ግን በሕይወት እስካለሁ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ሰማሁት፣ ከማልዬ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

ሰዓዳህ