«ፕሮሰሰር አይበላሽም» ለተባልንበት የጥገና ማዕከል ኃላፊ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ጥገናና ዋስትና ማዕከል ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አንድም ቀን ድንገት ጠፍቶብዎት ለማያውቀው የቢሮዎ ኮምፒውተር የተሟላ ጤና እየተመኘሁ እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት እየለቀምኩ የምኖር እርማት አንባቢ ነኝ። ደጅዎን መጥናት ስለሰለቸኝ፣ የጸሐፊዎም መልስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት አልፎ ስለማያውቅ፣ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ። ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ፤ ቁጣዬን በሁለተኛው ምልልስ ጨርሼዋለሁ። አሁን የቀረኝ ድካም ነው።

ከእናንተ የገዛሁት ኮምፒውተር ደስ ባለው ሰዓት ድርግም ይላል። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ራሱ ተነስቶ የይለፍ ቃል ይጠይቀናል። ከእኔ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ረዳት ነርስ ናት። ሙሉ ነርስ የሚያደርጋትን የፈቃድ ፈተና እቤቷ ተቀምጣ፣ በካሜራ እየታየች፣ በዚሁ ኮምፒውተር ልትወስድ ስለነበር ተሸክሜው ወደ እናንተ መጣሁ። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ባለሙያዎቻችሁ ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ውስጡ የነበረውን ሁሉ ጠራርገው ስላጠፉልኝ አመሰግናለሁ። በማዕከላችሁ ፎርማት ማድረግ ከ«እንደምን አደሩ» የሚቀድም ሰላምታ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። እህቴ ለፈተናው ያዘጋጀችው ጽሑፍም አብሮ ተጠረገ። እሷ ግን «ግድ የለም ጋሼ፣ ደግሜ ስጽፈው የበለጠ ይገባኛል» ብላ ከሀ ጀመረች።

ሁለተኛ፤ የምርመራ ዘዴያችሁን ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ኮምፒውተሩን ታበሩና ምንም ሥራ ሳትሰጡት፣ የሐይቅ ፎቶ እያሳየ እንዲውል መደርደሪያ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ካልጠፋ ጤነኛ ነው። ሥራ ሲበዛበት ነው የሚጠፋው ብዬ ብለምን ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ሜሞሪው ተቀየረ፣ የኃይል ሳጥኑ ተቀየረ፣ አቧራው ተነፋ፤ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ግን ማንም ሊነካው አልደፈረም። ምናልባት ችግሩ ከእሱ ይሆን ብዬ በትህትና ብጠይቅ፣ የክፍሉ ተቆጣጣሪ እንደ ሕፃን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ፕሮሰሰር አይበላሽም፣ ጌታዬ» አሉኝ። እንዲህ ያለ እምነት በምንም ነገር ላይ ኖሮኝ አያውቅም፤ ቀናሁባቸው።

ሦስተኛ፤ አንድ ቀን እዚያው እናንተ ጠረጴዛ ላይ፣ በተቆጣጣሪው ዓይን ፊት ጠፋ። በመጨረሻ ምስክር አገኘሁ ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። እሳቸው ግን ቀና እንኳ ሳይሉ «መብራት ሄዶ መጥቶ ነው» አሉ። ከራሳችን በላይ ያለው አምፖል ቦግ እንዳለ ነበር፤ ጎን ለጎን የተደረደሩት ኮምፒውተሮችም ሐይቃቸውን እያሳዩ ነበር። ከዚያ «ተመርምሮ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ።

እህቴ ያንን ወረቀት አምና ለፈተና ተቀመጠች። ፈተናው ሲጋመስ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ተመልሶ እስኪነሳ ፈተናው ተዘጋባት። የፈተና ቦርዱ ካሜራው በድንገት የሚጠፋበትን ሰው በጥርጣሬ ነው የሚያየው፤ ሆን ብላ አቋርጣለች ተባለች። ማሽኑ ብልሽት አለበት ብላ ስትከራከር፣ ቦርዱ የጥገና ታሪኩን ከእናንተ ጠየቀ። እኔ ስደውል ስልክ የማያነሳው ማዕከላችሁ ያን ጊዜ ቅልጥፍናው የሚያስገርም ነበር፤ የጤንነት ወረቀቱን ወዲያው ላከላቸው። እህቴ ዳግመኛ እንዳትፈተን ታገደች። የቀራት ይግባኝ ብቻ ነው።

አራተኛና የመጨረሻው፤ የማተሚያ ቤታችን ገጽ አቀናባሪ ተመሳሳይ ኮምፒውተር አለው። አንጀቱ አልችል ብሎ የእሱን ፕሮሰሰር ከእኔው ጋር አቀያየርን፤ ሌላ ምንም አልነካንም። የእኔ ኮምፒውተር ቀጥ ብሎ መሥራት ጀመረ፣ የእሱ ደግሞ ድርግም ማለት ለመደ። ሁለቱንም ተሸክመን መጥተን ይህንኑ ብናሳያችሁ፣ «በበጎ ፈቃድ፣ ለደንበኛ ክብር ሲባል» አዲስ ፕሮሰሰር ሰጣችሁን። እግዜር ይስጥልን። የድሮው ብልሽት እንደነበረበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልን ብል ግን፣ ተቆጣጣሪው የተነሳው ዕቃ መወገዱን፣ አሁን ያለው ኮምፒውተር ጤነኛ መሆኑን፣ ለጤነኛ ኮምፒውተር ደግሞ የብልሽት ማረጋገጫ እንደማይጻፍ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሲታመም አላየንም አላችሁ፣ ሲድን ደግሞ አልታመመም አላችሁ። ተበላሽቶ የነበረ ነገር መቼ መጥቼ ባሳያችሁ እንደምታምኑኝ ብትነግሩኝ በዚያ ቀን እመጣ ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ካሣ አልጠየቅሁም፣ ይቅርታም አልጠበቅሁም። የምለምንዎ ይግባኙ ሳይዘጋ «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር ቀይረነዋል» የሚል አንድ መስመር እንዲጽፉልን ነው። ከፈለጉ እኔው አርቅቄ፣ እርማቱንም ጨርሼ አመጣልዎታለሁ፤ የእርስዎ ድካም መፈረም ብቻ ይሆናል።

ለማዕከላችሁ የማያልቅ ደንበኛ፣ ለእርስዎም ዕድሜና የሰመረ ስብሰባ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የረዳት ነርሷ ታላቅ ወንድም

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፤ እህቴ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኛለች። ትናንት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ምናልባት ሳላውቀው ማጥፊያውን እኔ ነክቼው ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እጆቿ የት እንደነበሩ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሆኖም በዓይኗ ያየችውን ትታ የእናንተን ማኅተም ማመን ጀምራለች። እንኳን ደስ አላችሁ።