ከጆንያው አፍ ያልተነሣ እጅ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ በሽር ዓብዱ፣
አሊዩ አምባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጎረቤላ ሲያሥሩህ ሲሚንቶ ላይ ተኝተህ የያዘህ የጉልበት ቁርጥማት ተሻለህ ወይስ አሁንም ዳገቱን ስትወጣ ያስነክስሃል? አባባስ እንዴት ነው? እማዬ ዓይኗን ታከመች? ማሾውስ ደረሰ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር የከፋኝ ነገር የለም። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ልነግርህ ነው የምጽፈው፤ በፖስታ ቤት ሳይሆን በታመነ ሰው እጅ የላክሁትም ለዚሁ ነው።

ገብረአብ የሚባለውን፣ እዚህ ጀርመን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሰብሳቢ የሆነውን የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ስሙን ሲመረምሩህ ሰምተኸዋል። አምና እኔ የተቀመጥኩበት ኮምፒዩተር በመምህራኑ ፊት ድንገት ቀጥ አለ። ገብረአብ በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ይህ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው፣ ከዚህ ቆለኛ ጀርባ ማን እንዳለ ይጣራ አለ። ፓስፖርቴን ወሰዱት። በዚያ ቃል ተከስሶ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዴት እንደሚወሰድ አንተም እኔም እናውቃለን። አንተንም ጎረቤላ ያስጠሩህ ያኔ ነው። በእኔ ላይ ያደረገውን ምናልባት እተወው ነበር። አንተን ያስነካበትን ግን፣ ወላሂ፣ አልተውኩለትም።

ኮምፒዩተሩን ያቆመው ምን እንደሆነ ስፈልግ ከረምኩ። እዚህ ኮምፒዩተሮቹ በሽቦ ተያይዘው መልእክት ይላላካሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚያስተዳድር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ዋና ፕሮግራም አለ። ከሽቦው የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለውን ክፍል የጻፈው ገብረአብ ራሱ ነው። ያ ክፍል መልእክቱን ያያል፣ ላኪው የተፈቀደለት መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያስገባዋል። ነገር ግን አይቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ከማስገባቱ በፊት፣ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ለማይበቃ ጊዜ ዘወር ይላል። በዚያች መካከል ሌላ መልእክት ከደረሰ የፊተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም ያልታየውን እንደታየ ቆጥሮ ያስገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ተደናብሮ ይቆማል። ሰዓቱን ሆን ብሎ የሚያመቻች ሰው ግን ያለፈቃድ የፈለገው ቦታ ይገባበታል።

ያቺን የማሾ ጆንያ ታስታውሳታለህ? አባባ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ፈትሾ፣ ወስፌና ሲባጎ ሊያነሣ ዘወር ሲል፣ አሸዋ በሞላበት ጆንያ የለወጡበትን? አሸዋውን ሰፍቶ ለገዢው አስረክቦ፣ ስንት ዘመን በገበያው እህል ሰፋሪ ሆኖ ያፈራው ስሙ በዚያ ቀን ጎደፈ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁን ከጆንያው አፍ ሳያነሣ በቀኙ እየተንጠራራ ወስፌውን ሲዳብስ፣ ገበያተኛው «ዓብዱ ጆንያ ያጠባል» እያለ ይስቅበት ነበር። የገብረአብን ጽሑፍ ሳነብ የመጣብኝ ያ እጅ ነው። ይኸው፣ እጁን ያነሣው እዚህ ላይ ነው አልኩ።

ለብቻው ሹክ ልለው እችል ነበር። አላልኩም። እንግዶች የሚመጡበትንና ሥራውን የሚያሳይበትን ቀን ጠበቅሁ፤ እስከዚያው ቆለኛ ሲለኝ አብሬው እስቅ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ልቀመጥ ብዬ ለመንኩት። በእንግዶቹ ፊት እንደ ሎሌው ሊያሳየኝ ፈልጎ ፈቀደልኝ። አንዱን የተፈቀደ፣ አንዱን ያልተፈቀደ መልእክት አከታትዬ ላክሁ። አልገባም። እንደገና ላክሁ፤ አሁንም ሰዓቱ ሳተ። ገብረአብ ከረባቱን እያስተካከለ ይናገራል። ስደጋግመው አንዱ ገጠመና፣ ከዋናው ኃላፊ በቀር ማንም ሊጽፍበት በማይችለው ስክሪን ላይ በላቲን ፊደል «የሰፋሪው ልጅ ገብቷል» የሚል ወጣ። ጋሼ፣ የዚያን ሰው ፊት ብታየው ጉልበትህ ይድን ነበር! ለኃላፊው ተረጎምኩላቸው፤ ከዚያም ቀዳዳውን አሳየኋቸው። በዚያው ሰሞን ፓስፖርቴ ተመለሰልኝ።

አሁን ተራው የእሱ ነው። ለስብሰባተኞቹ ያስተማራቸው ቃል አልጠፋባቸውም፤ አሻጥር ነው ብለው ከሰሱት። ነገ ጠዋት ይወሰንበታል። የሚያድነው፣ ቀዳዳውን ያገኘሁት እኔ፣ ይህ በማንም የሚደርስ ስህተት እንጂ አሻጥር አይደለም ብዬ ብፈርምለት ብቻ ነው። ዛሬ ክፍሌ መጣ። «ወንድሜ አብዱልጀሊል» አለኝ። ደብረ ብርሃን የባና ሱፍ እየፈተሉ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ከእሱ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው ነገረኝና አለቀሰ። የሚፈረመውን ወረቀትና ብዕሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ። ስህተት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱም የእኔን ንጹሕነት ያውቅ ነበር።

አትምከረኝ፤ ምክርህ እስኪደርስ ነገሩ ያልቃል። የሚያስፈራኝ ከወሰንኩበት ሰዓት እስከ ነገ ጠዋት ያለው ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ መካከል ምን ሾልኮ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ የእናቱ ስም እንኳ ከመጣ ጀምሮ አልወጣልኝም። ስለዚህ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ በዚያው በእሱ ብዕር ለአንተ እጽፋለሁ።

ለእትዬ ኩብራ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የሠራችልኝ ሹራብ ከዚህ አገር ካፖርት ይሻላል። እህቴን መሊካን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ በላት። የአባባን እጅ ሳምልኝ፤ ግራውን። እማዬን ሲቲን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስለ ወይዘሮ አስካለማርያም የጻፍኩትን ግን አታንብብላት። ከሰማች ዱዓ ታደርግላቸዋለች፤ የእሷ ዱዓ ደግሞ ይደርሳል።

አሁን ይህን የመጨረሻ ገጽ ገልብጠው። ጀርባው የገብረአብ ወረቀት ነው። ቋንቋውን ባታውቀውም ከግርጌው ስሜን ታገኘዋለህ፤ ከስሜ በላይ ያለው የፊርማው መስመር ባዶ ነው።

ወንድምህ
አብዱልጀሊል ዓብዱ

ድሬስደን፣ ምሥራቅ ጀርመን
ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.