ካሜራውን የምታበራው ልጅ በካሜራው ስላልታየች ቀሪ ስለመባሏ

መጋቢት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ
የቪዲዮ ስብሰባዎች ክትትልና ሥነ ሥርዓት ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ ባይታየንም)

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ፊትዎን አይቼ ከሱ ወይም ወፈሩ እል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዎን ብቻ ስሰማ ስለኖርኩ ግን ጉሮሮዎ ደህና መሆኑን ከመመስከር አልፌ የምለው የለኝም። ባለፈው ጥር ጉንፋን ቢጤ ይዞዎት በድምፅ ማጉያው ሲያስሉ እኛም በአክብሮት ተከትለን ስለን ነበር፤ እንኳን ተሻለዎት። ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ በሰላም ይሁኑልኝ።

እኔ ሸምሱ እባላለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ አነሣለሁ፣ ባነርም ሆሳዕና ከተማ አሳትሜ አመጣለሁ። አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ በድምሩ የሃያኛ ክፍል ትምህርት አለኝ፤ ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ ከመማር ብዛት የመጣ ነው ብለው ይለፉልኝ። በወረዳችን የስብሰባ አዳራሽ እርስዎ በስክሪን ሲመጡልን የወጣት ተወካይ ሆኜ እጠራለሁ፤ ወጣት ከበዛ ደግሞ ወደ ቤቴ እሸኛለሁ።

በጥቅምት ወር የላኩልን ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ እጅግ አስተምሮናል። በመመሪያው መሠረት የወረዳ ካሜራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በርቶ ይቆያል፤ ምስሉ በስክሪን ያልታየ ሠራተኛ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ የሙከራ ሠራተኛ ቅጥሩ አይጸናም፤ የበላይ አካል ካሜራ ግን "እንደ ሥራው ጠባይ" ሊጠፋ ይችላል። የእርስዎ ሥራ ጠባይ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይለዋወጥ መቆየቱ የሚደነቅ ጽናት ነውና ምስጋናችን ይድረስዎ። ከምስጋናው ቀጥሎ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ ስለ መቆማችን።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ፤ "ቁጭ በሉ" እስኪል ድረስም አይቀመጡም። ይህን ያስተማሩን እናቶቻችን አንድ ቀን ካሜራ የሚባል ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበርና ጥፋቱ የእነሱ ነው። በኅዳሩ ስብሰባ ድምፅዎ ከጥቁሩ ስክሪን ውስጥ "እንደምን አደራችሁ" ሲል አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ ወዲያውም መስመሩ ተቆረጠ። ይግቡ ይውጡ፣ ይቀመጡ ይቁሙ የሚያውቅ ጠፋ። ካሜራዎ ቢበራ ኖሮ ወንበርዎ ላይ ደገፍ ሲሉ አይተን እኛም እንቀመጥ ነበር። ስለማይታዩን ግን ሠላሳ ስምንት ሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆመ። የሽማግሌዎች ተወካይ የሆኑት አባባ ዳኘ ከዘራቸውን ተደግፈው አንዴ ስክሪኑን አንዴ እኛን ሲያዩ ቆዩና "ይኼ ልጅ ገብቷል ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው?" ብለው ጠየቁ፤ መቆማቸውንም ቀጠሉ። የወረዳው አስተዳደር ተወካይ አቶ ታዴዎስ ሊቀመጡ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ነበር፤ የካሜራው መብራት ፊት ለፊታቸው ቦግ ማለቱን ሲያዩ ግን የጫማ ክር የሚያስሩ መስለው ተመለሱ። ጫማቸው ክር የለውም። በመጨረሻ መስመሩ ሲመለስ ክቡርነትዎ "ለምን ቆማችኋል፣ ሰልፍ ነው እንዴ?" ብለው ስለጠየቁን እናመሰግናለን። በዚያ ቀን የተሰጠን ብቸኛው "ቁጭ በሉ" እሱ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ስድስቱ ወንበሮች።

ካሜራው ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ በመሆኑ የሚያየው የፊተኛውን ረድፍ ብቻ ነው፤ እሱም ስድስት ወንበር ነው። ከመመሪያዎ በፊት ያ ረድፍ ጥያቄ የሚጠየቅበት ስለሆነ ሁሉም ይሸሸው ነበር፤ ከመመሪያዎ በኋላ ግን ወደ ሆሳዕና እንደሚሄድ የመጨረሻ ሚኒባስ ተጋፋንበት። ስለዚህ ተራ አወጣን። የፋይናንስ ባልደረባ የሆነችው ማራኪ ሰዓቷን ይዛ ከዳር ቆማ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ደቂቃ እየሰጠች "ታይተሃል፣ ውረድ፤ አንቺ ግቢ" ትል ጀመር። ስለ ዕቅድ አፈጻጸም የተናገሩት ሁሉ ደርሶናል፤ ለእያንዳንዳችን ሰባት ሰባት ደቂቃ ስለሆነ ተሰብስበን ብንገጣጥመው ሙሉ ይሆናል። መመሪያው "ወንዶች በኮት" ስለሚልም በቢሮው ያለውን አንድ ቡናማ ኮት እየተቀባበልን ለብሰናል። ሃያ አንድ ወንድ በአንድ ኮት ካለፈ በኋላ የደንብ ልብሳችንን አንድ ዓይነት በማድረጋችን ስላሞገሱን ኮቱም እኛም ኮርተናል።

ሦስተኛ፦ ስለ እህቴ ስለ ረምላ። እስካሁን የጻፍኩት ለሳቅ ቢሆን፣ ይኼ አይደለም።

ረምላ ታላቄ ናት። በኮምፒውተር ዲፕሎማዋን ይዛ መስከረም ላይ በሙከራ ተቀጠረች። ሥራዋ የእርስዎን ስብሰባ ማብራት ነው፤ ገመዱን ትሰካለች፣ መስመሩን ታገናኛለች፣ መስመሩ ሲወድቅ ከመሣሪያው ጀርባ ተንበርክካ ታነሣዋለች። በኅዳር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስንቆም እሷ በጉልበቷ ነበረች። ክቡርነትዎ፣ ካሜራ የሚያሠራ ሰው በምስሉ ውስጥ አይገባም። ይህን ፎቶ አንሺ ስለሆንኩ በደንብ አውቃለሁ፤ ከዱራሜ እስከ ዶዮገና ባለው ሠርግ ሁሉ ነበርኩ፣ በአልበሙ ውስጥ ግን የለሁም፤ እስካሁን "ሠርጌን ቀረህ" ብሎ የተቀየመኝ ሙሽራ የለም።

በጥቅምት ስም ሲጠራ "ረምላ የታለች?" አሉ። ከካሜራው ጀርባ "አለሁ" አለች። ክቡርነትዎም "ድምፅ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ምስል ነው" ብለው መለሱላት። ይህንን የነገሩን በድምፅ ነው። በኅዳርም እንዲሁ ሆነ። በታኅሣሥ አቶ ታዴዎስ ስላሳዘነቻቸው እጇን ይዘው ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ገና ሳትደላደል መስመሩ ወደቀ፤ ሠላሳ ስምንታችንም በአንድ ጊዜ ልንቀር ሆነ። እህቴ ስሟ ሊጠራ ሁለት ሰው ብቻ እንደቀረው እያወቀች ተነሥታ ወደ መሣሪያው ጀርባ ተመለሰች፤ መስመሩን አነሣች፤ እኛ ሁላችን ተገኘን፣ እሷ ሦስተኛ ጊዜዋን ቀረች።

በጥር መጀመሪያ የስንብት ደብዳቤዋ መጣ። እናታችን መርየም ማንበብ ስለማይችሉ "ምን ይላል?" ብለው ሲጠይቁኝ "የምስጋና ነው" አልኳቸው፤ ማሾፍ ልማዴ ስለሆነ አፌ ቀደመኝ። እሳቸውም ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ፤ ለሦስት ቀን ሰው ቡላና ወተት ይዞ እየመጣ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለን። ረምላ እያንዳንዱን አመስግና ተቀበለች። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታ የምትሰጠኝ በአንገቷ ነው።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ከዚህ በኋላ ያለው ኑዛዜ ነው።

በየካቲት ወር ሁለት ትእዛዝ ደረሰን። አንዱ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አካፋና ዶማ ይዞ ተራራው ላይ ለተፋሰስ ሥራ ይገኝ ይላል፤ ሌላው፣ የእርስዎ፣ ሠራተኛ ሁሉ በዚያው ቀን ሁለት ተኩል ላይ ካሜራ ፊት ይገኝ ይላል። ረምላ ስለሌለች አቶ ታዴዎስ ወደ ፎቶ ቤቴ መጥተው "አንተ ካሜራ ታውቃለህ፣ እንደ ምንም አድርገህ አድነን" አሉኝ። እኔ የማውቀው ሠርግ መሆኑን ነገርኳቸው። ሆኖም በሰንደቅ ዓላማ ቀን ያነሣኋቸው ፎቶ ነበረኝ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፣ ያን ቀን ፎቶ አንሺው እኔ ስለሆንኩ ደግሞ እህቴ መካከል ላይ ቆማለች። አሳትሜ አመጣሁት፤ ስፋቱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት። ከካሜራው ፊት ሁለት እርምጃ ላይ ሰቀልኩት። መሣሪያውን ያበራሁት ረምላ ከእሷ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብላ በደብተር ጽፋ የተወችውን ቅደም ተከተል እየተከተልኩ ነው፤ ከሥራ የተባረረች ሰው ይህን ትታ ትሄዳለች ብሎ የሚገምት ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ባነሩና እርስዎ ተሰበሰባችሁ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሎ እበላ ነበር። "ጥያቄ ያለው?" ብለው ጠየቁ፤ ዝም ሲባሉ "ግልጽነት ተፈጥሯል ማለት ነው" አሉ። በመስኮት ነፋስ ገብቶ ባነሩን ወዘወዘው፤ "መነቃቃታችሁ ደስ ይላል" አሉ። በመጨረሻም እንዲህ አሉ፦ "እንደ እናንተ ወረዳ ያለ የለም። አንድ ሰው እንኳ ሲያዛጋ፣ ስልክ ሲነካካ፣ ከወንበሩ ሲነሣ አላየሁም። ይህ ተሞክሮ ተቀምሮ ይስፋ።"

በሁለት ሳምንት ውስጥ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት መጣ። ምስላችንን ከየማኅደራችን ጋር አመሳክራችሁ የስብሰባውን አምስት ትጉሃን ለይታችኋል። አንደኛ የወጣችው "ዓይኗን ከስክሪኑ ለአፍታ ያላነሣች" ተብላ ወይዘሪት ረምላ ናት፤ ከተሰናበተች በኋላ ማለት ነው። እናታችን "ሌላ ምስጋና መጣ?" አሉ። በዚህኛው አልዋሸኋቸውም።

አሁን ከሺንሺቾና ከሙዱላ በኩል የልምድ ልውውጥ ቡድን መጥቶ ትጋታችንን ሊጎበኝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አቶ ታዴዎስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እቤታችን ድረስ መጡ። "ረምሊ፣ እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ኃላፊውም በስክሪን ይገባሉ፤ የደብተርሽ ገጽ ረጥቦ አይነበብም፤ እባክሽ ነይና አብሪልን" አሏት። እህቴ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ጋሼ ታዴዎስ፣ እመጣለሁ፤ ግን ከካሜራው በየትኛው በኩል ልቁም?" አለቻቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ጥያቄዋን እርስዎ እንዲመልሱልን ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፤ በሁለት ወር ውስጥ በቤታችን አንድም ቀልድ ያልተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጋቢት 25 ቀን ይግባኟ በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ይታያል። ከማመልከቻዋ ጋር በፊርማዎ የወጣውን የምስክር ወረቀት አያይዘናል። ኮሚቴው እርስዎን መጠየቁ አይቀርምና ሁለቱን መንገዶች በአክብሮት ላመልክትዎ። ረምላ በየካቲቱ ስብሰባ ነበረች ካሉ፣ ያሰናበታችኋት ሰው ሥራ ላይ ናት፤ ደብዳቤው ይሻርልን። አልነበረችም ካሉ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሸራ ስለ ዕቅድ አፈጻጸም ማብራራትዎን በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡልን፤ ሸራውን ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ፣ ለሦስት ሜትር ምስክር የሚበቃ በር ግን ኮሚቴው ጋ መኖሩን አላረጋገጥኩም። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እሱም ቀላል ነው፦ ምስሉ ከመጣልዎት ያመጣችው ልጅ አለች ማለት ነው ብለው አንድ መስመር በመመሪያዎ ላይ መጨመር።

ያለፈውን ይቅር እንድንልዎት ሳይጠይቁን ይቅር ብለን፣ ወደፊትም ድምፅዎን ለማየት በታላቅ ጉጉት እየተጠባበቅን፣ ከወንበራችን ከፍ ብለን፣ "ቁጭ በሉ" እስኪሉን ድረስም ሳንቀመጥ፣

ከመላ ትሕትና ጋር
ሸምሱ
የረምላ ታናሽ ወንድም፣ የወጣት ተወካይ (ወጣት ሲጎድል)

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ለአቶ ታዴዎስ (እንዳላዩት ሆነው እንዲያዩት)
ለመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለእናታችን (እኔ የማነብላቸው፤ በዚህኛው ሳልጨምር)

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ ጊዜ ካገኙ አንድ ጉርድ ፎቶዎን ይላኩልኝ፤ ፈገግ ያሉበት ቢሆን ይመረጣል። በነፃ ባነር አሳትሜ እርስዎ ጋ ካሜራው ፊት የሚሰቀል እልክልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ የእርስዎ ባነርና የእኛ ባነር በየወሩ እየተያዩ ይሰብሰቡ፣ እርስዎም ወደ ጉዳይዎ እኛም ወደ ተራራችን እንሂድ። ማብሪያውን የሚጫን አንድ ሰው ግን ያኔም አይቀርምና የረምላን ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልዎታለሁ።