ለራሕዋ የተተወው ሽፋን

ለውድ ወንድሜ ረዳኢ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ትርሓስስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ደሊናስ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ስልኩ ከአባባ ራስጌ ስለሆነ፣ በስልክ ያልነገርኩህን ይኸው ወደ እናንተ በሚመጣው በፀሃዬ እጅ ልኬልሃለሁ።

እህታችን ራሕዋ ቤሩት በሰው ቤት እየሠራች በሕመም ማለፏን ካረዱን ወዲህ፣ አባባ እስካሁን አልተነገራቸውም። ሽማግሌዎቹ «ወንድ ልጃቸው አጠገባቸው ሳይኖር መርዶ አይነገርም» ብለው አንተን እየጠበቁ ነው። እሳቸው ደግሞ የሚጠብቁት እሷን ነው። መጽሔታቸውን ታውቃለህ፤ በጠባብ ግቢ፣ በዘይት ጣሳ ትንንሽ ቲማቲም ስለማብቀል የሚጽፉት፣ እኔ በምሠራበት የቂርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት የማባዛው። ራሕዋ ከዚህ የወሰደችው ዘር እዚያ በረንዳዋ ላይ እንዳፈራላት ጽፋላቸው ነበርና፣ የአዲሱን እትም ሽፋን እሷ ለምትልከው የቲማቲሙ ፎቶግራፍ ትተውታል። ከሥራ ስገባ «ፖስታ አልመጣም?» ይሉኝ ነበር። «የፈረንጅ በዓል ስለሆነ ይዘገያል» እላቸው ነበር። ለገዛ እህቴ ድምፄን አውጥቼ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ቡልጋሪያ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ።

ጎረቤቱም ሰምቶ ጨንቆታል። እትዬ አምሳለን መቼም አትረሳቸውም፤ «ኧረ ይሄ ጣሳ መንገድ ዘጋብን፣ በቃ አንሱልን!» ሳይሉ ውለው አያውቁም። አሁን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ውሃ ያጠጣሉ። የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን እንኳ ቲማቲሙ ፀሐይ እንዲያገኝ ብለው ፈተውታል። ባለፈው ዓርብ አባባ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው ቆዩና፣ «አምሳለ ምን ሆና ነው እንዲህ የራራችልኝ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ፖስታ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ስለዚህ እባክህ ቶሎ ድረስልን። ብቻዬን አልቻልኩትም።

ደሊናን ጉንጯን ሳምልኝ። ትርሓስንም ሰላም በልልኝ፤ አደራ፣ ነጠላዋን ይዛ አብራህ ትምጣ። የግቢው ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል። እትዬ አምሳለም ሰላም ብለውሃል።

አባባም ሰላም ይሉሃል። ይህን ስጽፍ ከደጅ ገብተው ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ለረዳኢ ነው አልኳቸው። «ሽፋኑን ባዶውን አባዢው» አሉኝ። «ረዳኢንም ሽማግሌ አያስቸግር በይው። ሲመጣ ራሱ ይንገረኝ።»

እህትህ እጸገነት
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.