ከአክስትህ የቀለለ

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት

ለምወድህና ሰሞኑን ለተቀየምኩህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አይ፣ ቆይ፤ ይህን “ደህና ነን” የሚሉትን ነገር ዛሬ እተወዋለሁ። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲጠየቅ ግን ጥፋቱን ወንበሩ ላይ ይጥላል፣ አጭር ነው እያለ። የጽሕፈት ቤቴ ጣሪያ በአንድ በኩል ያፈስሳል፤ ደግነቱ የሚያፈስሰው ፎቶ ኮፒው ላይ ሳይሆን ደንበኛ የሚቀመጥበት ላይ ነው። ኮምፒዩተሬ ደግሞ ታሟል። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልህ በእሱው ነው። ጣቴ ቀድሞ ይሄዳል፣ ፊደሉ ኋላ እያዘገመ ይመጣል። “ልጄ” ብዬ መትቼ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አድርጌያለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ሰዎች ይህን ኮምፒዩተር ቢያዩ ተረቱን ይተውት ነበር።

ታሟል ብዬ ነግሬህ አላውቅም። ለምን እነግርሃለሁ? አንተ በሰው አገር ደክመህ ስትገባ እኔ ስለ ኮምፒዩተር ላለቅስብህ ነው? ትደውላለህ፤ “እማ፣ ሁሉ ሰላም?” ትላለህ። “ሁሉ ሰላም” እላለሁ። “አባዬስ?” “ደህና ነው።” “በቃ ሥራ ልገባ ነው።” ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሳይሞቅ ይዘጋል። እኔም ልጄ ብርቱ ነው፣ ጊዜ የለውም እያልኩ ለመጣ ለሄደው አወራለሁ።

በዚህ መሃል ነው አክስትህ የመጣችው።

ያን ክዳኑ በፕላስተር የተጣበቀውን አሮጌ ላፕቶፕዋን በብብቷ ይዛ ገባች። ፊቴ ደንበኛ ተቀምጧል፣ የሥራ ማመልከቻ እያስጻፈኝ። እሷ ሰው አለ የለም ሳትል ላፕቶፑን ከማመልከቻው ጎን ዘርግታ፣ “እትዬ፣ እይማ!” ብላ ማብሪያውን ተጫነችው። እኔ “ምኑን ልይ” ብዬ ሳልጨርስ ተከፍቶ ቁጭ አለ።

“ምን አደረግሽው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! ልጃችን ነዋ።”

ልጃችን! ምጡ የኔ፣ “ልጃችን” የእሷ። የራሷ ስለሌላት ይህችን ቃል ሁልጊዜ ዝም ብዬ አሳልፍላታለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አላልፍ አለችኝ።

“የድሮው ሲስተም ለዚህ ማሽን ከብዶታል አለኝ” ብላ ቀጠለች። “ያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ኮምፒዩተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው። ራም የሚሉት የሥራ ማስታወሻው ትንሽ ስለሆነ ሊኑክስ ከሚባሉት ሲስተሞች ውስጥ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ተብሎ የተሠራ ቀላል ይሻልሻል አለና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወለ በቪዲዮ እያየኝ፣ ‘ይህን ንኪ አክስቴ፣ ያንን ተይው’ እያለ በገዛ እጄ አስጫነኝ። ሙሉ ከሰዓት ነበር እኮ የምናወራው!”

“ሙሉ ከሰዓት ስለ ኮምፒዩተር?”

“ኧረ ስለ ኮምፒዩተሩ ምን ወሬ አለው! አንዴ ከተጀመረ ራሱ ነው የሚጫነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር እስክትሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሰው ሲጠብቅ ምን ይሠራል? ያወራል። ቤት መቀየሩን፣ አዲሱ መስኮቱ ባቡር ማቆሚያውን እንደሚያሳይ፣ ያ ሳሉ እስካሁን እንዳልለቀቀው…”

“ሳል?”

“ውይ፣ አልነገረሽም?”

ልጄ፣ ይህችን “አልነገረሽም” ያለችበትን ድምፅ ልጽፍልህ ብሞክር ፊደል አላገኝላትም። አዘነችልኝ! እሷ ለኔ!

“ነግሮኛል እንጂ” አልኳት። “የትኛውን ሳል ማለትሽ ነው ብዬ ነው።”

ከሄደች በኋላ ደንበኛዬ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። “እትዬ፣ እዚህ ጋ ‘የሳል ልምድ’ ይላል።” ‘የሥራ ልምድ’ ልጽፍ ነበር። በነጻ ደግሜ ጻፍኩለት።

ስሙን አልሸፋፍነውም፤ ቅናት ነው። የምትኖርበትን ቤት አላውቀውም ማለት ነው። አንተን ሳስብ የማስብህ በቪዲዮ ባሳየኸኝ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቡናማው መጋረጃ ሥር ነበር፤ ለካ እዚያ የማስበው ሌላ ሰው ነው። ምሳ ላይ አባትህ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ኮምፒዩተሬ ከብዶታል አልኩት። “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” አለና ጉርሻውን ቀጠለ። ለእህቱ ሲሆን ተረት አያጣም።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ ማጭዱን ራሴ ፍለጋ ወጣሁ፤ በማግስቱ ብሎን ዘንድ ሄድኩ። ብሎን አንተ ከሄድክ በኋላ ከፋርማሲው አጠገብ ሱቅ የከፈተ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ኪሱ፣ ጫማው፣ ጢሙ ውስጥ ሳይቀር ብሎን ስለማይጠፋ ሰፈሩ በዚያው ይጠራዋል።

“ቀላል ሲስተም እፈልጋለሁ” አልኩት።

“ምን ያህል ቀላል?”

“ከአክስቱ የቀለለ።”

“ከማን አክስት?”

“አንተ ዝም ብለህ አሳየኝ።”

ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ እያስነሱ ማየትም ይቻላል፤ ልብስ ሳይገዙ ለክተው እንደማየት ነው። የመጀመሪያው ያምራል፤ የለመድኩትንም ይመስላል፤ ብሎን ግን ለማሽኔ ትንሽ ይበዛበታል አለ። ሁለተኛው ጌጥ የሚባል አልፈጠረበትም። እንደ ቢሮ ግድግዳ ግራጫ ነው፤ ግን ፊደሉ ከጣቴ እኩል ይሄዳል። ጥግ ላይ ካለችው ምልክት የአክስትህ ይኸኛው መሆኑን አወቅሁት፤ ወዲያውም አስጠላኝ።

“ከዚህ የሚቀል የለም?”

ብሎን ፊቴን አየ፣ ፍላሹን አየ፣ ሦስተኛውን ሰካ። ስክሪኑ ጨለመ። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

“የታለ?” አልኩት።

“ይኸው።”

“ምኑ?”

“ከሁሉም ቀላሉ ነው እትዬ። ስዕል የለ፣ ማውስ የለ፤ ትእዛዝ እየጻፍሽ ነው የምትሠሪው።”

እልህ መጥፎ ነው፤ “ጫነው” ልለው ምንም አልቀረኝ። ደግነቱ ደንበኞቼ ትዝ አሉኝና ወደ ግራጫው ተመለስኩ። ከእሷ ባልበልጥ እኩል ልሁን ብዬ ለማክሰኞ ቀጠርኩት። ፋይሎቼን ቀድቼ እንድጠብቀው፣ በአንድ ሰዓት ጨርሶ እንደሚሄድ ነገረኝ።

እስከ ማክሰኞ ግን አላስቻለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንተ የምትደውልላትን ሰዓት ጠብቄ፣ የተዋስኩትን መቀስ የምመልስ መስዬ አክስትህ ቤት ሄድኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዛችሁ ነበር ሐሳቤ። በሩ ላይ ቆሜ ስትስቁ እሰማለሁ፣ ድንገት እገባለሁ፣ አንተም በስልኩ ውስጥ ታየኛለህ፣ የምትለው ይጠፋሃል። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሳቅ የለም። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ስልኩ የስኳር ጣሳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ አክስትህ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ስልኩ ጨለማ ነው።

“አልደወለም?” አልኳት። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

“ምን ብሎ ይደውላል?” አለች። “ላፕቶፑ አይዘገይ፣ አይበላሽ። ከተጫነ ወዲህ ምን ልበለው? ባለፈው ሆን ብዬ ገመዱን ነቅዬ፣ ባትሪውን አስጨርሼ፣ ‘ሞተብኝ’ ብዬ ጻፍኩለት።”

“እሺ?”

“‘ገመዱን ሰኪው አክስቴ’ ብሎ መለሰልኝ። የሚስቅ ፊትም አድርጎበታል።”

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ይበልሽ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ስልኩን አንስታ አብርታ አየችው፣ መልሳም ጣሳው ላይ አስደገፈችው፤ እንዳይወድቅ ደግሞ በደንብ አስተካከለችው። ላፕቶፑን ዘጋችው። መልሳ ከፈተችው። ወዲያው ተከፈተ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ የምቀመጥ አልመሰለኝም ነበር።

“አንቺማ ምን አለብሽ እትዬ” አለችኝ። “ያንቺ ገና አልተጫነም።”

ቀናችብኝ፣ ልጄ! ያቺ ሴት በበሽተኛ ኮምፒዩተሬ ቀናችብኝ! ቤቴ እስክገባ ድረስ ይኸው ነገር ከራሴ አልወጣ አለ፤ መቀሱንም ሳልሰጣት ይዤው ተመለስኩ። እሷ ስትቸገር ሙሉ ከሰዓት አገኘችህ፤ ሲሻላት አጣችህ። እኔ ስንት ዓመት “ሁሉ ሰላም” ስል የኖርኩት ለካ በገዛ አፌ እያሰናበትኩህ ነው።

ማክሰኞ ብሎን ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ወንበር እንኳ አልሳብኩለትም።

“ተወው፤ ልጄ ነው የሚጭንልኝ” አልኩት።

“ልጅሽ እኮ እዚህ የለም እትዬ። ለኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።”

“እሱ ነው ችግሩ።”

አልገባውም። አባትህ ግን ከውስጥ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ደንበኞቼም ደስ አላላቸውም፤ አንዷ ትናንት ወረቀቷን ከእጄ ተቀብላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ተሻገረች። ትሻገር።

እንግዲህ ስማኝ። ሁሉ ሰላም አይደለም። ኮምፒዩተሬ በጠና ታሟል። ሲነሳ ያጓራል፣ ማውሱን ስነካው ያስባል፣ ፕሪንተሩን አላውቅህም ይለዋል። ስልክም ተደግፎ የሚቆምበት ቦታ አዘጋጅቻለሁ። ሳልህ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? መስኮቱ ብርድ ያስገባል? ባቡሩ እንቅልፍ ይነሳሃል? አሁን አትመልስልኝ፤ መስመሯ እስክትሞላ ትነግረኛለህ። አክስትህም ጋ ደውልላት፣ ምንም ባይበላሽባትም። ከኔ በኋላ ግን።

ሳልህን ይንቀልልኝ፤ ደጅህን የሚያንኳኳ ወዳጅ አይንሳህ፤ የነካኸው ሁሉ ይከፈትልህ። አባትህ ሰላም ብሎሃል፣ ወንበሩንም ጨምሮ።

ቅዳሜ በግራጫው እንጀምር። ካልተስማማኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላውን እንሞክራለን፤ ብሎን ዓይነቱ ተቆጥሮ አያልቅም ብሎኛል። እኔ ደግሞ እንደምታውቀው ቶሎ የሚስማማኝ ነገር የለም።

እናትህ